«ምን አስቦ ነው?»

ሰው ስለ ሰው ሲያወራ ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ጥያቄ አለች፤ «ምን አስቦ ነው?» የምትል። ጎረቤት በእርሻ ወቅት በሬውን ሲሸጥ «ምን አስቦ ነው?» እንላለን። ሳይጠሩት ሽምግልና የገባውን ሰውም «ምን አስቦ ነው?» እንለዋለን። በሬው መሸጡንማ ሁሉም አይቶታል፤ የሚያከራክረው በሻጩ ልብ ውስጥ ያለው ነው። ከዚያ ቀጥላ ሁለተኛዋ ጥያቄ ትመጣለች፤ «እንግዲህ ምን ሊመጣ ነው?» የቡና ወሬያችንም፣ የጠጅ ቤት ክርክራችንም፣ እውነቱን ለመናገር የታሪክ መጻሕፍታችንም በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ሲመላለሱ የሚውሉ ናቸው።

የዘንድሮ ወጣቶች ይህንን ልማድ ወደ ኮምፒውተር ወስደውታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አምስተኛው «ግራንድ ቴፍት አውቶ» የሚባል የቪዲዮ ጨዋታ አለ። ተጫዋቾቹ በጨዋታው ከተማ ውስጥ አንዱ ፖሊስ፣ አንዱ ዘራፊ፣ አንዱ ጠበቃ፣ አንዱ የታክሲ ሹፌር ሆነው ስምና ጠባይ ያወጣሉ፤ ከዚያም በዚያው ስምና ጠባይ ለወራት ይሰነብታሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በተጀመረው ቱዊች ላይ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ተመልካች በቀጥታ ያያቸዋል። ቃል በቃል የተጻፈ ድርሰት የላቸውም፤ ነገሩ እየተኖረ ይፈጠራል። ታዲያ የእህቴ ልጅ ሌሊቱን አፍጥጦ የሚያድረው ለተኩሱ እንዳይመስላችሁ። «ጋሼ፣ ዘራፊው ጓደኛውን የከዳው ፈርቶ ነው ወይስ ከፖሊሱ ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ?» የሚለው ነው እንቅልፍ የሚነሳው። ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሲሟገት ያመሻል፤ በነጋታው ምን እንደሚሆን እየገመተ ይተኛል።

ብዙ የዕድሜ እኩዮቼ «ጊዜ ማጥፊያ» ይሉታል። እኔ እንደዚያ ለማለት አፌ አይደፍርም። እኛም በልጅነታችን፣ በምሥራቅ ጎጃም፣ ብቸና ላይ፣ አንድ ሬዲዮ ከበን ይህንኑ ስናደርግ ነበራ! ሌላውም ዓለም ቢሆን ያው ነው። ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1893 ሼርሎክ ሆልምስ የተባለውን መርማሪውን ገደል ከትቶ ቢገላግለው፣ የአንባቢው ቁጣ አላስቀምጠው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1903 ከሞት አስነሥቶታል። ሰው ተረት እየሰማ ዝም ብሎ የመቀመጥ ተፈጥሮ የለውም። ይዳኛል፣ ይገምታል፣ ደራሲውንም ይከሳል።

የእኛን ሬዲዮ ልንገራችሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በአምባሳደርነትም በሚኒስትርነትም ያገለገሉ የተከበሩ ሰው ነበሩ። መጽሐፉ ከከተማ ወጥቶ ፊደል ወዳልቆጠረው ሕዝብ ቤት የገባው ግን በደርግ ዘመን፣ ዝነኛው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተከታታይ ሲተርከው ነው። ወጋየሁ ብቻውን አገር ነበር ማለት ይቻላል። ፊታውራሪ መሸሻ ሲሆን ድምፁ ይኮፈሳል፣ ጉዱ ካሣ ሲሆን ይመርራል፣ ሰብለ ወንጌል ላይ ሲደርስ ይለሰልሳል። ሰሚው አንድ ሰው እያነበበ መሆኑን ይረሳና ሰዎቹን ራሳቸውን ይሟገታል። ክፍሉ በልብ አንጠልጣዩ ቦታ ላይ ይቆረጣል፤ እስከሚቀጥለው ድረስ ያለው ጊዜ የክርክር ነው።

ይህ በመላ አገሪቱ የሆነ ነገር ነው። በእኛ ሰፈር ግን አንድ የተለየ ነገር ነበር፤ ታሪኩ የደጃችን ታሪክ ነው። በዛብህ የተማረባት ዲማ ጊዮርጊስ ከብቸና ብዙ አትርቅም። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቆሎ ተማሪ ሆነው አልፈዋል። ስለዚህ ሬዲዮው «ዲማ» ባለ ቁጥር ከሰሚው መካከል አንዱ «እገሌ የኔታን ነው እኮ!» ብሎ ብድግ ይላል። በዚያ ላይ አገሩ የቅኔ አገር ነው። ሰም ሲነገረው ወርቁን ፍለጋ የሚሄድ ጆሮ ነው ያለው። «በዛብህ ሄደ» ሲባል መሄዱ ሰሙ ነው፤ ለምን ሄደ የሚለውን ቆፍሮ ካላወጣ እንቅልፍ አይወስደውም።

እና ክርክሩ እንዴት ያለ መሰላችሁ! በዛብህ ፍቅሩ በታወቀ ጊዜ ብቻውን በሌሊት ሲጠፋ ወጣቶቹ ተቆጡ። «ይዟት አይሄድም ነበር? ፈሪ ነው!» አሉ። የቄስ ትምህርት የቀመሱት ደግሞ «ከእሷ ጋር ቢያዝ የምትሞተው እሷ ናት፤ ያዳናት እኮ ነው» ብለው ተከላከሉለት። ሴቶቹ ወዴት እንደሄዱ ታውቃላችሁ? ወደ እናቱ፣ ወደ ውድነሽ በጣሙ። ውድነሽ ልጇ ከሞት ቢተርፍላት ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጠው ብፅዓት ገብታ ነበር። አንዲት የሰፈራችን እናት፣ እሳቸውም ከአንዴም ሁለቴ ልጅ የቀበሩ፣ «እናቱ ምን ታድርግ? እኔም ብሆን እሳል ነበር» ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሲጎትቱ ትዝ ይለኛል። ሌላይቱ «ስለቷ የራሷ፣ ዕድሜው የእሱ! የሰው ዕድሜ ይሳላሉ እንዴ?» ብለው መለሱላቸው። በዚያ ቤት ውስጥ የተሟገቱት ሁለት እናቶች እንጂ ሁለት የመጽሐፍ አስተያየቶች አልነበሩም።

የፊታውራሪ መሸሻ ነገርም እንዲሁ ነበር። ለልጃቸው የሚመጣውን ባል ሁሉ በዘሩ እየመዘኑ የሚመልሱት ከክፋት ነው ወይስ ከፍቅር? ግማሹ «ኩራት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሰውዬው ልጃቸውን የሚወዱት እንደሚያውቁት አድርገው ነው፤ የሚያውቁት ደግሞ ዘር ብቻ ነው» ይላል። ይህኛው መልስ ያኔ ብዙም አልገባኝም ነበር። ዛሬ ሳስበው ከብዙ ሐተታ ይልቃል። ሰው ክፉ ሥራ ለመሥራት ክፉ ሐሳብ የግድ አያስፈልገውም፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ ጠይቆት የማያውቅ ልማድ ይበቃዋል።

ከሁሉም በላይ የማስታውሰው ግን አንድ አዛውንት ጎረቤታችንን ነው። ስለ ፍቅሩ አንድ ቃል ተንፍሰው አያውቁም። በዛብህ ቢሄድ፣ ሰብለ ብታለቅስ፣ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ነው። አንድ ቀን ግን የገበሬዎቹ ክፍል መጣ። ፊታውራሪ መሸሻ ያልተለመደ ነገር አምጡ ያሏቸው ገበሬዎች እንቢ ብለው፣ ፊታውራሪውም ጦር ይዘው ወጥተው፣ በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎች ማረኳቸው። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አዛውንቱ ግን አልሳቁም። ወደ ሬዲዮው ጠጋ ብለው «አሁን ከያዙት በኋላ ምን ሊያደርጉት ነው?» አሉ።

«ይገድሉታላ፣ አባባ!» አልን እኛ ልጆቹ።

«አንተ ልጅ፣ ማሸነፉማ ቀላል ነው» አሉ። «ከዚያስ ወዲያ? ማን ሊዳኛቸው ነው?»

አዛውንቱ በ1960 ዓ.ም. ዱር ገብተው እንደነበር የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ለእሳቸው ያ ክፍል ያልተቋጨ የራሳቸው ታሪክ ነበር።

ወደ ታሪኩ እንግባ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከታተመ ሁለት ዓመት እንኳ በወጉ ሳይሞላው፣ በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ የቆየውን የአሥራት ግብር አስቀርቶ፣ ገበሬው በሚያገኘው ገቢ ልክ እንዲከፍል የሚያደርግ ነው። በአዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ ሲያዩት ሸጋ ነገር ነው፤ ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት ይክፈል ይላል። ገቢውን ለማወቅ ግን ገማች ወደ ማሳው መውጣት አለበት። ገማቾቹ ወደ ጎጃም ሲወጡ የሞጣ፣ የብቸናና የዳሞት ገበሬ «አናስገባም» አለ። እንቢታው ውሎ አድሮ ወደ ጦርነት ተለወጠ።

መንግሥትም «ምን አስቦ ነው?» ብሎ ጠየቀ። መጠየቁ ባልከፋ፤ የከፋው መልሱ አስቀድሞ በእጁ የነበረ መሆኑ ነው። ግብሩ ድሀውን አይጎዳም፤ ስለዚህ ድሀው በራሱ ሐሳብ ሊነሣ አይችልም፤ ስለዚህ ጥቅማቸው የቀረባቸው ባላባቶች ቀስቅሰውታል፤ ካልሆነም ማይም ስለሆነ አልገባውም። ይኸው ነው ስሌቱ። በስሌቱ ውስጥ ገበሬው የራሱ ሐሳብ ያለው ሰው ሆኖ አልተቆጠረም። ሌላ ሰው የሚያንቀሳቅሰው አሻንጉሊት ነው የሆነው። ሐሳብ የለውም የተባለን ሰው ደግሞ ማን ያነጋግረዋል? ወታደር ተላከ፤ አውሮፕላኖችም መንደሮችን ደበደቡ።

ገበሬው በእርግጥ ምን አስቦ ነበር? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። የጎጃም መሬት ርስት ነበር። አንድ ሰው መሬት የሚያገኘው ከአቅኚ አባት ወይም እናት ዘሩን ቆጥሮ ነው፤ የዘመድ ሁሉ ድርሻ አለበት፤ በአንድ ሰው ስም ተቆርጦ የሚሸጥ የሚለወጥ አይደለም። ሌላው የአገሪቱ ክፍል፣ በተለይም ደቡቡ፣ ቀላድ ተጥሎበት ሲለካ የሆነውን የጎጃም ሰው ሰምቷል። ገመዱ ያለፈበት ብዙ ገበሬ በአያቶቹ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል። ቀደም ሲል መሬት እየተለካ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ እንዲገበር አዋጅ ሲወጣም ጎጃም አላስለካም ብሎ በቆየው ግምት ሲገብር ኖሯል።

ስለዚህ በ1960 ዓ.ም. ገማቹ ወደ ማሳው ሲመጣ ገበሬው ያየው ሌላ ነገር ነው። መንግሥት የላከው የብር ሒሳብ ነበር፤ ገበሬው የታየው ግን ገመዱ ነው። ዛሬ ግምት፣ ነገ ልኬታ፣ ከነገ ወዲያ ርስት መነቀል። የሚመጣውን እየገመተ ነበር ማለት ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ በጠቅላይ ግዛቱ ገዥ በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ላይ የተጠራቀመ ምሬት ነበር። ግምቱ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም ብለን ዛሬ ልንከራከር እንችላለን። ሐሳብ አልነበረውም ለማለት ግን አንችልም። እንዲያውም በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ ብዙ እርምጃ አስቀድሞ ያሰበው እሱ ይመስለኛል።

ከብቸና ሰው ጋር ስለ ጥርጣሬ ስናወራ ደግሞ በላይ ዘለቀን መዝለል አይቻልም። በላይ በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ዘመን በዚያ አገር ጠላትን እንቅልፍ የነሣ አርበኛ ነው። ከድል በኋላ ደጃዝማች ተብሎ ብቸናን አገኘ፤ አልቆየም፣ ከመንግሥት ጋር ተጣላ፣ ተከበበ፣ እጁን ሰጠ፣ በመጨረሻም በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። «ምን አስቦ ነው?» እዚህም አለች። የመንግሥት ወገን «ሥልጣን አነሰኝ ብሎ» አለ። የአገሩ ሰው «ባንዳ ሲሾም እያየ ምን ያድርግ?» አለ። ለምን እጁን ሰጠ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ባይሰጥስ ኖሮ የሚለው ግምትም እንዲሁ። እዚህ ላይ የምፈልገው ግን አንዱን ነገር ብቻ ነው። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ገማች ወደ ማሳው የመጣበት የብቸና ገበሬ የበላይን አወዳደቅ በዓይኑ ያየ ወይም ካየ አባት የሰማ ነበር። «ግዴለም፣ እመነኝ» የሚል የመንግሥት ቃል ሲሰማ የሚያስታውሰው ነገር ነበረው።

የአዛውንቱ ጥያቄ ወደ ቀሪው ታሪክ ይወስደናል። «ከዚያስ ወዲያ? ማን ሊዳኛቸው ነው?» የሞጣና የብቸና ገበሬ ጠመንጃ ይዞም ወደ ንጉሠ ነገሥቱ አቤት ይል ነበር። ሹሙን ይጠላል፤ ዙፋኑን ግን ዳኛው አድርጎ ያያል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብሎ ያደገ ሰው ሹም ሲማርክ እንኳ ምርኮውን የሚያስረክበው ለንጉሥ ነው። ለዚህም ነው ነገሩ በይቅርታ የተቋጨው። ንጉሠ ነገሥቱ ምሕረት አደረጉ፣ ለዓመታት የተጠራቀመው ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፣ ደጃዝማች ፀሐዩም ከጎጃም ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ። ገበሬው የፈለገውን አገኘ፤ ቤቱ ገባ። አገዛዙ ግን እንደ ነበረ ቆየ።

አንዳንድ የኋላ ዘመን ጸሐፊዎች በዚህ ያዝናሉ። «አብዮት ሊሆን የሚችል ነገር ባከነ» ይላሉ። ይህም ቢሆን ያው በሽታ ነው እላለሁ። የመንግሥት ሰው ገበሬውን የባላባት አሻንጉሊት አደረገው፤ የአብዮት ሰው ደግሞ እሱ በጻፈለት ድርሰት ውስጥ ቃሉን የረሳ ተዋናይ አደረገው። ሁለቱም ለገበሬው የሚገባውን ሚና ራሳቸው መርጠውለታል። ገበሬው የራሱ ድርሰት ነበረው፤ ርስቱን ለልጁ ማውረስ፣ ክፉ ሹም ማስነሣት፣ ከዚያ ለመኸሩ መድረስ። ድርሰቱ ለእኛ ሊያጥርብን ይችላል። ለእሱ ግን ሕይወቱ ነው።

ይህ ያለፈ ጣጣ ነው እንዳትሉኝ። ደርግ በየካቲት 1967 ዓ.ም. መሬትን የሕዝብ ባደረገ ጊዜ ርስቱ በአዋጅ ቀረ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ እንደገና ገመድ ወደ ምሥራቅ ጎጃም መጣ። ያን ጊዜም ሰው ለሁለት ተከፈለ፤ በቀደሙት መንግሥታት በአካባቢው ሹመት ነበረው የተባለ ሁሉ «ቢሮክራት» የሚል ስም ወጣለት፣ መሬቱም ተቀነሰ። አንድ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ተብሎ ሳይወድ የተመረጠውም፣ ሲገፍ የኖረውም በአንድ ቃል ተጠሩ። ቅር የተሰኙ ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ መጡ። ያኔም ከአንዳንዱ አፍ የወጣው «ማን ላካቸው?» የምትል ጥያቄ ነበረች።

«ማን ላካቸው?» እና «ምን አስበው ነው?» ሲያዩአቸው እህትማማች ጥያቄዎች ይመስላሉ። አይደሉም። «ማን ላካቸው?» የሚለው ሰው ሰዎቹን ትቶ ከጀርባቸው ሌላ ሰው ፍለጋ ይሄዳል፤ ካላገኘም ይፈጥራል። «ምን አስበው ነው?» የሚለው ግን፣ ከልቡ ከሆነ፣ ወደ ሰዎቹ መቅረብ አለበት። የኮምፒውተሩን ዘራፊ ልብ ለማወቅ ሌሊቱን የሚያድረው የእህቴ ልጅና ያቺ «እኔም ብሆን እሳል ነበር» ያሉት እናት በዚህ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ከመፍረዳቸው በፊት ራሳቸውን በሌላው ቦታ ላይ ያስቀምጣሉ። ተረት ለዚህ ልምምድ ይጠቅመናል። ችግሩ፣ ለፊታውራሪ መሸሻ እንኳ ያልነፈግነውን ትዕግሥት ለእውነተኛው ሰው ስንነፍገው ነው። ለልብ ወለዱ ጌታ «ልጃቸውን እንደሚያውቁት አድርገው ነው የሚወዱት» ብለን እንከራከራለን፤ ግብር አልከፍልም ላለው ጎረቤታችን ግን አንድ ስም ለጥፈን እናልፋለን።

አበጀ በለውን ስለ ሐሳቡ ልንጠይቀው አንችልም፤ በሐዲስ ዓለማየሁ ብዕር የተፈጠረ ሰው ነውና ከተጻፈለት በላይ የሚነግረን የለውም፤ መገመት ብቻ ነው። የሞጣና የብቸና ገበሬ ግን እዚያው ማሳው ላይ ነበር። ገማች ከመላኩ በፊት፣ ወታደር ከመላኩ በፊት፣ አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት «ምን አስበህ ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ቁጭ ብሎ መስማት ይቻል ነበር። አስተርጓሚ እንኳ አያስፈልግም፤ ሰውዬው የሚናገረው አማርኛ ነው።